ትሉን ያመጣችብኝ ሠራተኛዬ ናት?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የውስጥ ልብሴ ላይ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ የተቀቀለ ፓስታ ቁራጭ የሚመስል ነገር አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ይንቀሳቀሳል! ልቤ ቀጥ አለ። አልቤንዳዞል ገዝቼ ዋጥኩ። ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ታየኝ። ደግሜ ዋጥኩ፤ ያው ነው። እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ናት። ስነግራት ኮሶ ላከችልኝ። ግን ወሩ ስላለፈብኝ ምናልባት አርግዤ ይሆናል ብዬ ሳልጠጣው አስቀምጬዋለሁ።

የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ቀጥሬ ነበር። ከእሷ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ምግብ የምትሠራውም ሰላጣ የምታጥበውም እሷ ናት። ለጥንቃቄ ብዬ የምትበላበትን ዕቃ ለየሁ። የአራት ዓመት ልጄንም እንዳታጎርስ ከለከልኳት። ባለቤቴ “አሰናብቻት” ይለኛል። ጥሬ ሥጋ እንደሆነ ከፋሲካ ወዲህ አልበላሁም። እሱንም ወላጆቼ ጋ ነው፣ ቅርጫ ገብተው። በሬው ጤነኛ ነበር፤ ከበላነው ሰዎች መካከል ታመምኩ ያለ የለም። ለመስቀል ደግሞ እንሄዳለን። ምን ላድርግ?

የጨነቃት፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እህቴ፣ ከሠራተኛሽ ልጀምር። እንዳታሰናብቻት። የለየሽውንም ዕቃ ዛሬውኑ መልሺው። ይህን የምልሽ ስላሳዘነችኝ ብቻ አይደለም። ራስሽ የጻፍሽው ቀን ነው ነፃ የሚያወጣት።

የገለጽሽው ነገር፣ ነጭና ጠፍጣፋ ሆኖ በራሱ እየተንቀሳቀሰ የሚወጣው፣ ከከብት ሥጋ የሚመጣው የኮሶ ትል ቁራጭ ይመስላል። ሐኪሞች ቴኒያ ሳጂናታ ይሉታል። ሰው ከዚህ ትል ጋር ጥሬ ሥጋ በበላ በማግሥቱ ቁራጭ አያይም። ከሥጋው ጋር የገባችው ትንሽ እጭ በመጀመሪያ አንጀት ግድግዳ ላይ ትጣበቃለች። ከዚያ ታድጋለች፣ ትረዝማለች፣ ቁራጭ መጣል ትጀምራለች። ይህ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል። አሁን በጣትሽ ቁጠሪ። ፋሲካ ሚያዝያ ላይ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ቁራጩ ታየሽ። ልክ ገጠመ። ልጅቷ ቤትሽ የገባችው ግንቦት መጨረሻ ነው። እሷ በርሽን ስታንኳኳ ትሉ ሆድሽ ውስጥ ማደግ ከጀመረ ከርሟል።

ቀኑ ባይገጥም እንኳ በዚህ መንገድ አይተላለፍም። የከብቱ ኮሶ ትል ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። እንቁላሉን በሰላጣም በእጅም ብትውጪው አንቺ ሆድ ውስጥ አድጎ ትል አይሆንም። መጀመሪያ ከብት ውስጥ መግባት አለበት። በሬው ወይም ላሟ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። እንቁላሉ በከብቱ አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና በደም ተጉዞ ሥጋ ውስጥ ይቀመጣል። እዚያ ከአንድ ሳንቲሜትር የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ይሆናል። ያን ከረጢት ሳይበስል የዋጠ ሰው ነው ትል የሚያወጣው። ሌላ መንገድ የለውም። ሰላጣውን ማጠብ ለብዙ ነገር ይጠቅማል፤ ለአሜባም ለወስፋትም። ይህኛውን ግን ሰላጣ አላመጣውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ የዚህ ትል ዘመድ አለ። ሃይሜኖሌፒስ ናና ይባላል። ድንክ ነው፣ ጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ። እንቁላሉ ባልታጠበ እጅ ይተላለፋል፣ በተለይ ልጆች ላይ ይበዛል። ግን እሱ የሚንቀሳቀስ ፓስታ የሚያህል ቁራጭ ልብስ ላይ አይጥልም። በላብራቶሪ በሰገራ ምርመራ ነው የሚታየው። ለልጅሽ ከሰጋሽ አስመርምሪው። እጅ መታጠቡን ግን ለልጅቷ ብቻ ሕግ አታድርጊው። የቤቱ ሰው ሁሉ፣ አንቺም ባለቤትሽም፣ ከሽንት ቤት ስትመለሱና ምግብ ከመንካታችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ። ልጁንም ታጉርሰው።

ደግሞ ይህን አስቢው። ከመካከላችሁ አሁን ትል ያለባት አንቺ ነሽ። እሷ ግን ተለይቶ በተቀመጠ ሳህን እየበላች ነው። ምክንያቱን ሳትነግሪያት ዕቃዋን ስትለዪባት ምን እንደተሰማት አንቺም አይጠፋሽም። አንቺም ከገጠር ነው የመጣሽው።

ብዙ ሰው እንደ አንቺ ያስባል። የምሠራው ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። የኮሶ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይጠብቃል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “የሆድ ነገር ነበር…” ይላል። ምን እንደታየው ስጠይቅ ወዲያው የሚነግረኝ ምን እንዳየ ሳይሆን ማን እንዳመጣበት ነው። ሠራተኛዋ፣ የመንገድ ዳር ምግቡ፣ ከገጠር የመጣው ዘመድ። ከሁለት ከሦስት ወር በፊት በጓደኛ ግብዣ የተቆረጠው ሥጋ ግን በጥርጣሬ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሥጋው ክብር ነው፣ ግብዣ ነው፣ በዓል ነው። ስለዚህ አይጠረጠርም።

“በሬው ጤነኛ ነበር” ያልሽውን አምንሻለሁ። ከረጢት ያለበት ከብት ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ይበላል፣ ይሰባል፣ ዋጋ ያወጣል። ሥጋውም አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም። ከረጢቶቹ ጥቂት ከሆኑ ደግሞ አይን ላይ አይወድቁም። በቄራ የሚሠሩ የሥጋ መርማሪዎች የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡንና ትከሻውን እየሰነጠቁ ያያሉ፤ ከረጢቱ እነዚህ ቦታዎች ላይ ይበዛልና። ያም ሆኖ ከረጢት ከተሰነጠቀው ቦታ ሁለት ጣት ርቆ ከተቀመጠ ማኅተም ተመትቶበት ይወጣል። ማኅተም ያለው ሥጋ መግዛት ከሌለው ይሻላል፤ በዚህ አልደራደርም። ግን ማኅተሙ “በጥሬው ብሉ” ማለት አይደለም። የወላጆችሽ ቅርጫ ደግሞ ይህም አልነበረውም። ጓሮ ታረደ፣ ቅጠል ላይ ተመደበ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ተበላ።

“የታመመ የለም” ያልሽውም እውነት ሊሆን ይችላል። የኮሶ ትል አብዛኛውን ሰው አያሳምምም። ትንሽ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ አንዳንዴ የምግብ ፍላጎት መዛባት፤ ብዙው ሰው ይህም አይሰማውም። ትሉ ግን አለ። ብዙ ጊዜ አራት አምስት ሜትር ይደርሳል፣ ከዚያም በላይ የሚረዝም አለ። ካልታከመ ለዓመታት ይኖራል። ባለቤትሽም ከፋሲካው ሥጋ በልቶ ከሆነ ስለዚህ አብሮሽ ይመርመር። ወላጆችሽና ወንድሞችሽም እንደዚሁ። “እኔ ደህና ነኝ” ማለት በዚህ በሽታ ብዙም ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ ሕክምናው።

መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። መመርመሪያው በየመድኃኒት ቤቱ አለ፣ ውድ አይደለም። ውጤቱን ሳታውቂ ለትሉ ተብሎ አንዳች ነገር አትዋጪ። ደጋግመሽ የዋጥሽውን አልቤንዳዞልም ለሐኪሙ ንገሪው፤ እርጉዝ ሆነሽ ከተገኘሽ ማወቅ ይኖርበታል። ካረገዝሽ የከብቱ ኮሶ ትል ብዙ ጊዜ የሚያቻኩል ነገር ስላልሆነ ሐኪሙ ሕክምናውን እስከ ወሊድ ሊያቆይልሽ ይችላል። ውሳኔው ግን የእሱ ነው።

ቀጥሎ ቁራጩ ሲታይሽ አትጣዪው። በጓንት ወይም በፌስታል ያዢውና ክዳን ባለው ንጹህ ብልቃጥ፣ ትንሽ ውሃ ጨምረሽ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሽ ሂጂ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ማሳፈሩን አውቃለሁ፣ ግን ያለ እሱ ምርመራው ሊያመልጥ ይችላል። ቁራጮቹ እንቁላሉን ተሸክመው ስለሚወጡ በሰገራ ናሙና ውስጥ እንቁላል የማይገኝበት ቀን ብዙ ነው። “ሰገራዬን ተመርምሬ ነፃ ነህ ተባልኩ” የሚሉኝ፣ ግን ቁራጩ በየሳምንቱ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ባለሙያው ቁራጩን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ከከብት ነው ወይስ ከአሳማ የሚለውንም መለየት ይችላል። በእንቁላሉ ብቻ አይለይም፤ የሁለቱ እንቁላል አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የአሳማው ትል፣ ቴኒያ ሶልየም፣ እንቁላሉ ሰው ሆድ ከገባ ከረጢቱ በሰውየው ሥጋና አንጎል ውስጥ ሊቀመጥ ይችላል። የሚጥል በሽታ ያመጣል። “ኮሶ ጭንቅላት ላይ ይወጣል” ሲባል ከሰማሽ እንዲህ የሚያደርገው እሱ ነው። የከብቱ ትል ይህን አያደርግም። ብዙ ቤት የአሳማ ሥጋ ስለማይገባ እዚህ አገር የምናየው በአብዛኛው የከብቱ ነው፣ አንቺም በዚያው ወገን ትመስዪኛለሽ። ቢሆንም ተረጋግጦ መታከሙ ይሻላል። እስኪረጋገጥ ድረስ የእጅ መታጠቡን አጥብቂው ያልኩሽም ለዚህ ነው።

አልቤንዳዞሉ ለምን አልሠራም? አንድ ጊዜ የሚዋጠው አልቤንዳዞል ለወስፋትና ለመሳሰሉት ጥሩ መድኃኒት ነው። ለኮሶ ትል ግን አይታመንም። ለዚህ የሚታዘዙት ፕራዚኳንቴል ወይም ኒክሎሳማይድ ናቸው። ፕራዚኳንቴል በኪሎ ተሰልቶ አንዴ ይወሰዳል። ኒክሎሳማይድ ለአዋቂ ሁለት ግራም ነው፤ በደንብ ታኝኮ ይዋጣል። የትኛው ለአንቺ እንደሚሆን ሐኪሙ ይወስን፤ ከጎረቤት ተበድረሽ እንዳትወስጂ። ከመድኃኒቱ በኋላ ትሉ ሙሉውን ሲወጣ ካላየሽ አትደንግጪ። ሞቶ አንጀት ውስጥ ሊፈጭ ይችላል።

መዳንሽን የሚያሳይሽ ሌላ ነገር ነው። ይህ ትል ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ ከአንገቱ ነው የሚያድገው። ሜትሮች ቢወጡና ጭንቅላቱ ተጣብቆ ከቀረ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ቁራጭ ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከወሰድሽ በኋላ ሦስት ወር ተከታተዪ። በሦስተኛው ወር ሰገራሽን ደግመሽ አስመርምሪ። ቁራጭ ካልታየሽና ምርመራውም ነፃ ከሆነ ተገላገልሽ።

እናትሽ ስለላከችልሽ ኮሶም በዚህ ላይ ልመልስልሽ። ኮሶ ተራ ነገር አይደለም። የደጋው ዛፍ አበባ፣ ቀዩ የሴቴው አበባ፣ ትሉን በእውነት ያዳክማል፣ ያስወጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በመድኃኒትነት ገብቶ ነበር። አያቶቻችን ሌላ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ የታደጋቸው እሱ ነው፤ እናትሽም ከፍቅር ነው የላከችልሽ። ግን ቀደምቶቹ ኮሶን በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጡ እንደነበር ታስታውሻለሽ? በየሁለት ወሩ ለምን? ትሉ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ መልሶ ስለሚያድግ ነው። ኮሶው ብዙውን ክፍል ያወጣል፣ ጭንቅላቱ ብዙ ጊዜ ይቀራል። በዚያ ላይ በየዛፉና በየአበባው ጥንካሬው ይለያያል፣ መጠኑን የሚያውቅ የለም። በብዛት ከተወሰደ አይን ይጎዳል፤ ኮሶ ጠጥተው የዓይናቸው ብርሃን የጠፋባቸው ሰዎች በሕክምና ተመዝግበዋል። እርጉዝ ሴት ላይ ደግሞ ጽንስ ሊያስወርድ ይችላል። ፈርተሽ አለመጠጣትሽ ትክክል ነበር። ለእናትሽ “አመሰግናለሁ እማዬ፣ ሐኪም ሌላ አዝዞልኝ ነው” በያት፤ ታዝንብኛለች ብለሽ ጠጥተሽዋል ብለሽ ግን አትዋሻት። እሷም ነገ ለሌላ እርጉዝ ትልካለች።

ወደ ሥጋው ልመለስ። ጥሬ ሥጋ አትብዪ ብል ምን ያህል ሰው እንደሚሰማኝ አውቃለሁ። ግን ራሳችንን የምናጽናናባቸው ነገሮች አይሠሩም፤ እሱን ልናገር። ሚጥሚጣ ከረጢቱን አይገድለውም። አዋዜና ሰናፍጭም አይገድሉትም። ሎሚም፣ አረቄም እንዲሁ። “ሥጋውን በአረቄ ካወረድከው ትሉ ይሰክራል” የሚባለውን እኔም ሰምቼዋለሁ። ትሉ አይሰክርም፣ ሰውየው ነው የሚሰክር። ለብለብ ክትፎም አያድንም፤ ላዩ ሞቀ እንጂ ውስጡ ቀይ ነው። እጩ የሚሞተው የሥጋው ውስጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። የተፈጨ ወይም የተከተፈ ሥጋ ከዚያም በላይ፣ 70 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ ይሻላል። ቴርሞሜትር በየቤቱ የለም። ስለዚህ ቆርጠሽ እዪው፤ መሃሉ ቀይነቱን ሙሉ በሙሉ ካልለቀቀ አልበሰለም።

ማቀዝቀዝ ይሠራል። ሥጋው እስከ መሃሉ በረዶ ሆኖ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ሳያቋርጥ 10 ቀን ከቆየ እጩ ይሞታል። ችግሩ “ሳያቋርጥ” የሚለው ላይ ነው። ሰፈራችሁ መብራት እየሄደ እየመጣ ከሆነ ፍሪጅሽ ላይ አትተማመኚ። ከማይጠፋ ፍሪዘር የወጣ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ አብስዪው።

ሴቶችን ለይቼ የምናገረው አንድ ነገር አለ። “እኔ ጥሬ ሥጋ አልበላም” የምትል ሴት ክትፎ ስትለውስ ጨውና ሚጥሚጣው ልኩን መያዙን ለማወቅ በጣቷ ጫፍ ታነሳና ትቀምሳለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ዱለት ስትሠራም እንደዚያው፤ ዱለቱ ውስጥ ቀይ ሥጋ አለ። ይህም መብላት ነው። ምጣዱ ላይ ትንሽ አብስለሽ ቅመሺ። ልጅቷንም እንደዚሁ ንገሪያት፤ ጥሬውን እንድትቀምስልሽ አትላኪያት።

አሁን ወደማልደብቅሽ ነገር ደርሻለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ የቆየብኝ ይህ ነው።

ይህ ትል አድጎ እንቁላል የሚጥለው ሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ከብት ከከብት አይይዘውም። ውሻም አያስተላልፈውም። ስለዚህ የፋሲካው በሬ ውስጥ የነበረው ከረጢት የመጣው ከአንድ ሰው ነው። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው። ከአጥሩ ጀርባ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከብቶቹ ከሚግጡበት ቦታ። አንዱ የበሰለ ቁራጭ ብቻ እስከ መቶ ሺህ የሚደርስ እንቁላል ይይዛል። እንቁላሉ በእርጥብና ቀዝቃዛ ሣር ላይ ለወራት ይቆያል። ደጋው ለዚህ ይመቸዋል። የወላጆችሽ ቤት ሽንት ቤት አለው? በደብዳቤሽ አልነገርሽኝም። ብዙ የገጠር ቤት ጉድጓድ ተቆፍሮ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ዞረው ያስቆፈሩት ነው። ከዚያ ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ይፈርሳል፣ ጣሪያው ይወሰዳል፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ሰዉም ወደ ሜዳው ይመለሳል። የከብቱ ነገርና የሰዉ ነገር አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል።

እኛም ከተማ ሆነን ነፃ አይደለንም። ከአንቺ ሰፈር አጠገብ የግንፍሌና የቀበና ወንዞች ያልፋሉ። የከተማው ፍሳሽ በእነሱና በመሳሰሉት ወደ አቃቂ ይወርዳል። ከታች አትክልት ይለማበታል፣ ከብትም ይጠጣዋል። እዚህ የወጣው ቁራጭ እዚያ ሣር ላይ ቢያድር የሚገርም አይደለም። ስለዚህ “ከገጠር መጣ” የሚለውን አባባል እተወዋለሁ። ከከተማም ይሄዳል።

አንቺ ለመስቀል ትሄጃለሽ ብለሻል። ትሉ ሆድሽ ውስጥ እያለ ሄደሽ ሜዳ ከወጣሽ፣ የሚቀጥለው ዓመት በሬ የሚግጠው ሣር ላይ እንቁላል የጣልሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ይህን የምልሽ ላሸማቅቅሽ አይደለም፤ ማስቀረት ስለምትችዪ ነው። እርጉዝ ካልሆንሽ ሕክምናውን ከመስቀል በፊት ጨርሺ። እርጉዝ ሆነሽ ሕክምናው ከተላለፈ ደግሞ እዚያ ስትሆኚ ሽንት ቤት ብቻ ተጠቀሚ፤ ከሌላቸው የጎረቤት ይሁን። ከዚያ ወጪ አዋጥታችሁ፣ አንቺና ወንድሞችሽ፣ ያንን ጉድጓድ ማደስ። ለቅርጫ ከምታዋጡት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ ቆርቆሮና ጣውላ መግዛት ይቻላል። ጉልበቱ እዚያው አለ፤ በበዓል ሁሉም ይሰበሰባል። ከመውጫው ጋር ውሃና ሳሙና የሚቀመጥበት ነገር ይኑር። ከብቶቹም ከዚያ አካባቢ እንዳይግጡ አጥር ይታጠር።

ለዛሬ ደግሞ ቤትሽ ውስጥ። ቁራጭ ያየሽበትን የውስጥ ልብስ በሙቅ ውሃ እጠቢ። ለምርመራ የማትወስጂውን ቁራጭ ሽንት ቤት ውስጥ ልቀቂው፤ ቆሻሻ መድፊያ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ አትጣዪው። ድንገት ከባድ የሆድ ሕመም፣ በተለይ በታችኛው ቀኝ በኩል፣ ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከመጣብሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ሂጂ። አልፎ አልፎ ቁራጩ ትርፍ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። ብዙ አይከሰትም፣ ግን ተከስቶ ያውቃል።

ለሠራተኛሽ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያት ሳታስቢው አልቀረሽም። እውነቱን ንገሪያት። “እኔ ላይ ትል ታየና ፈራሁ፤ አንቺ ያመጣሽው መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ” በያት። ከፈለገች እሷንም በአንቺ ወጪ አስመርምሪያት፤ እሷም እንደ ሌላው ሰው ለፋሲካ ሥጋ በልታ ይሆናል። ካልፈለገች አታስገድጃት። ባለቤትሽ ይህን ይስማ፤ “አሰናብቻት” ያለው እሱ ነውና።

ለመስቀል ስትደርሱ ከሥጋው ለአንቺ የሚሆነውን ጥብስ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ። “ምነው ከተሜ ሆንሽ?” ይሉሻል፣ ይስቁብሻል። ያኔ ምን እንደታየሽና ምን እንደወሰድሽ ንገሪያቸው፣ ከእናትሽ ጀምረሽ። በዚያ ገበታ ላይ ቁራጩ ታይቶት አፍሮ ዝም ያለ ሌላ ሰው አይጠፋም። እሱም ጤና ጣቢያ የሚሄድበትን መንገድ ሲፈልግ ከርሞ ይሆናል።